በሩ የሚከፈትለት ተሳፋሪ

ሰው ሆኖ ዓመል የሌለው የለም። አንዱ እርግብ ያረባል፣ ሌላው ጎረቤቱን ይከሳል፣ የሰፈራችን ቁልፍ ቀራጭ ደግሞ አውቶቡስ ይወድ ነበር። መውደድ ስል ተሳፍሮ መሄድን ማለቴ አይደለም። የትኛው ሞተሩ እንደተቀየረለት፣ የትኛው የኋላ ወንበሩ ከሌላ ተነቅሎ እንደተገጠመለት፣ የትኛው ዳገት ላይ እንደሚያስነጥሰው እሱን ጠይቁት። ሹፌሮቹ በዚህ የተነሳ ሊብሬ የሚል ስም አወጡለት፤ የመኪና መታወቂያ ደብተር እንኳ የእሱን ያህል አያውቅም ለማለት ነው። ስሙ ስድብ ይሁን ምርቃት አልመረመረም፤ ደስ ብሎት ተቀበለው።

ሱቁ አንድ ሰው ከገባ ሁለተኛው በር ላይ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል ናት። ያልተቀረጹ ቁልፎች በየሽቦው ተንጠልጥለውባታል፤ ግድግዳዋ ግን የአውቶቡስ ፎቶ ብቻ ነው፦ ከፊት፣ ከጎን፣ ሲዞር፣ ጭቃ ለብሶ፣ ታጥቦ። ሚስት አላገባም። ታናሽ እህቱ፣ ማን ታገባሃለች፣ ሠርግህ ላይ ከሙሽራዋ ይልቅ የመጣችበትን መኪና ነው ፎቶ የምታነሳው እያለች ትስቅበታለች። እሱም አብሯት ይስቃል፣ እውነቷን እንደሆነ ያውቃላ።

ችግሩ ፍቅሩ የአንድ ወገን መሆኑ ነበር። የአውቶቡስ ድርጅቱ ሠራተኞች ካሜራ ሲያዩ ደማቸው ይፈላል። በተለይ የተርሚናሉ ተቆጣጣሪ! ከአፉ ሌላ ቃል ስለማይወጣ ሊብሬ በተራው ክልክል የሚል ስም አውጥቶለታል። ክልክል መዳፉን ሌንሱ ላይ ይለጥፋል፤ ሊብሬ የት እንደተጻፈ አሳየኝ ይለዋል፤ ያኛው እኔ ከተናገርኩት ተጽፏል ማለት ነው ብሎ ይመልሳል። አንድ ቀን ዘበኛ አስጠርቶ ካሜራውን ወስዶበት ነበር፤ ሊብሬ ከቢሮው በር ላይ አልነሳም ብሎ ስለተቀመጠበት መልሶ ሰጠው።

መሳፈሩም ሌላ ጦርነት ነው። ሊብሬ የመጣውን ሁሉ አይሳፈርም። ሰልፉ ላይ ቆሞ ይሄ አይደለም፣ ይሄም አይደለም እያለ ያሳልፋል። የፈለገው ሲመጣ ደግሞ ሰዉን በትከሻው ሰንጥቆ ከበሩ ፊት ለፊት ያለችውን ነጠላ ወንበር ይይዛል፤ መሪውም ማርሹም መንገዱም የሚታየው ከእሷ ላይ ነው። ከዚያች ወንበር ለአሮጊት እንኳ አይነሳም ብለው ያሙታል። ሐሜት ብቻ አልነበረም። ዓመል ያወጣል ከመሀል ይባላል፤ ሊብሬን ግን ማንም ከመሀል ሊያወጣው አልቻለም፤ እነሱ ሲከለክሉት እሱ ይብስበታል።

እህቱ በድርጅቱ ትኬት ቆራጭ ሆና ስትቀጠር የተመደበችው ከሁሉም በዕድሜ በሚበልጠው አውቶቡስ ላይ ነበር። ሊብሬ የራሱን ያህል ደስ አለው። በመጀመሪያው ሳምንት ሱቁን ዘግቶ ተሳፈረና እንደ ልማዱ ወደ ፊተኛዋ ወንበር ሲያመራ እህቱ እጅጌውን ያዘችው።

"ወንድም ጋሼ፣ እዚያ አትቀመጥ።"

"ተሰብሯል?"

"አልተሰበረም። ዝም ብለህ አትቀመጥ።"

ዘወር ብሎ አየ። ሰው ተጨናንቆ ቆሟል፣ ወንበሯ ግን ባዶ ናት። ልጅ ያዘለች ሴት እንኳ ብረቱን ጨብጣ ቆማለች እንጂ ወደዚያ አታይም። ለሊብሬ የገባው ሌላ ነገር ነው፤ እህቴንም አስተምረው በእኔ ላይ አስነሱብኝ አለ። ለእሷ ሥራ ሲል ዋጥ አድርጎት ቆሞ ሄደ። ቂሙን ግን አልዋጠውም።

ያንን አውቶቡስ ፎቶ ለማንሳት የመረጠው ቦታ የተዘጋው የክር ፋብሪካ የግንብ አጥር ነው። ድሮ እዚያ ፌርማታ ነበር፤ አሁን ምልክቱ ተነቅሏል፣ የሚጠብቅም ሰው የለም። አመሻሽ ላይ ግን ፀሐይዋ ግንቡ ላይ ታርፋለች፤ ለፎቶ ከዚያ የተሻለ ብርሃን የለም። ሊብሬ ግንቡን ተከትሎ ጥቂት ራቅ ብሎ ቆሞ ጠበቀ። አውቶቡሱ ያልፋል ብሎ ሲያነጣጥር ፍጥነቱን ቀነሰና በባዶው ፌርማታ ላይ ቆመ። የፊት በሩ ተከፈተ። የወረደ የለም፣ የወጣ የለም። አንድ ሰው ተረጋግቶ ለመሳፈር የሚፈጅበትን ያህል ቆይቶ በሩ ተዘጋ፤ አውቶቡሱም ሄደ። ሊብሬ ከልማዱ የተነሳ አከታትሎ አንስቶ ነበር።

ፎቶዎቹን አሳትሞ ሱቁ ውስጥ ጎን ለጎን ደረደራቸው። አንደኛው ላይ በሩ ዝግ ነው። ሁለተኛው ላይ ተከፍቷል፣ ደረጃው ባዶ ነው። ሦስተኛው ላይም በሩ ክፍት፣ ደረጃው ባዶ ነው፤ ግን አውቶቡሱ ወደ በሩ በኩል ዘንበል ብሏል። በፊት ጎማውና ከላይ ባለው ሽፋን መሀል ያለው ክፍተት ጠቧል። ከስሩ ክብደቱን የሚሸከመው ባሌስትራው የደከመ አውቶቡስ ወፍራም ሰው ደረጃውን ሲረግጠው እንዲህ እንደሚል ሊብሬ እንደ እጁ መዳፍ ያውቀዋል። ረጋጩ ነው የሌለው። ሊብሬ መጀመሪያ መንገዱ ጎድጓዳ ይሆናል ብሎ ራሱን አጽናና። በማግስቱ ሄዶ ቦታውን በእግሩ እየዞረ አየ፤ አስፋልቱ እንደ ጠረጴዛ ደልዳላ ነው። አመሻሽ ላይ አውቶቡሱ መጣ፣ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ፣ ጎኑ ቀስ ብሎ ዝቅ አለ። በዚህ ጊዜ በካሜራ ሳይሆን በዓይኑ ነው ያየው። 

እህቱን ሲጠይቃት ፊቷ ተለዋወጠ። እኔም ሥራ ስጀምር ተይ የተባልኩትን ነው የነገርኩህ፣ ዝም አይነቅዝም አለችው። ከዚያ ወዲያ ወደ ክልክል ሄደ፤ ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋለትና ይሄስ ምንድን ነው አለው። ክልክል ብዙ አያቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ክልክል ነው አላለም። ፎቶዎቹን በጥንቃቄ ሰብስቦ መለሰለትና ሌላውን ሁሉ አንሳ፣ የፈለግከውን ተሳፈር፣ ከፋብሪካው አጥር ግን ራቅ፤ እለምንሃለሁ አለው።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያቆም ነበር። እንደ ሊብሬ ያለ ሰው ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲከለከል ስለኖረ፣ ልመናንም ከክልከላ ለይቶ መስማት አይችልም። ተንኮል አለበት ብሎ ደመደመ። አውቶቡስ ወዳጆች ሁሉ የሚምሉበት አንድ ሕግ አለ፦ በሩ ከተከፈተ መንገደኛ ይሳፈራል፤ አትሳፈርም የሚል ሠራተኛ ካለ ጥፋቱ የእሱ ነው። ያንን ሕግ በልቡ ይዞ በማግስቱ አመሻሽ ላይ ምልክቱ ከነበረበት ቦታ ላይ ቆመ።

አውቶቡሱ መጥቶ ከፊቱ ቆመ። በሩ ሲከፈት ገባ። ደረጃው ከእግሩ ስር ዝቅ አለ፤ የራሱ ክብደት ነው። ሹፌሩ፣ ለጡረታ የደረሰ ዝምተኛ ሽማግሌ፣ ወደ ፌርማታው አንዴም ሳያይ ፊቱን ወደ መንገዱ ሰጥቶ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጧል፤ በበሩ በኩል ያለው የስፖኪዮ መስታወት ታጥፏል። ተሳፋሪዎቹ በሙሉ ወደ መስኮቱ ዞረዋል። እህቱ አይታው አፏን በእጇ ያዘች። ሊብሬ ባዶዋ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሹፌሩ እንደ ወትሮው ቆይቶ በሩን ዘጋ። ሁለተኛ ዝቅ ማለት አልነበረም፤ ሊብሬ ይህንን ልብ ብሏል፤ በውስጡም አየህ፣ ባዶ ወሬ ነው ብሎ ተደሰተ።

ተርሚናል ሲደርሱ ሰው ሁሉ ከኋላ ወረደ። የፊት በሩ ተከፈተ፤ ሹፌሩ ዞር ሳይል ጠበቀ። ሊብሬ ሲወርድ ጫማው ደረጃው ላይ ድምፅ አሰማ። ሽማግሌው በድንጋጤ ዞረ።

"አንተ ነህ የገባኸው?"

"ማን እንዲሆን ፈልገው ነበር?" አለ ሊብሬ፣ ለጠብ ተዘጋጅቶ።

ሽማግሌው አልተጣላም። መሪው ላይ ተደፋ። ቀስ እያለ የነገረው ነገር ይህ ነው። ወጣት ሳለ አብሮት የሚሠራ ትኬት ቆራጭ ነበረ፤ ወፍራም፣ ቀልደኛ፣ ደረጃውን ሲረግጥ አውቶቡሱን የሚያስጎነብስ። የፊተኛዋ ወንበር የእሱ ናት። አንድ ዝናባማ አመሻሽ በማይረባ ነገር ተኳርፈው ሳለ ወፍራሙ የአንዲት ሴት ጆንያ ለማውረድ በፋብሪካው ፌርማታ ወረደ። ሹፌሩ በእግሩ ይምጣና ልብ ይግዛ ብሎ በሩን ዘግቶበት ሄደ። ወዲያው የመጣ የጭነት መኪና ተንሸራቶ ወፍራሙን ከግንቡ ጋር አጣበቀው። ሹፌሩ ከዚያ ወዲህ እዚያ ሲደርስ በሩን ይከፍታል። መጀመሪያ ለጸጸቱ ብሎ ነበር። አንድ ቀን ግን አውቶቡሱ በሚያውቀው ክብደት ዝቅ አለ። ዞሮ ለማየት ድፍረት አላገኘም፤ በምን ፊቱ ያየዋል? ከዚያን ቀን ጀምሮ እየጫነ ተርሚናል ያደርሰዋል፣ በሩንም ከፍቶ ያወርደዋል። ይቅርታው ያቺ ናት።

"ዛሬ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ዝቅ ያለው" አለ ሽማግሌው። "የገባኸው አንተ ነህ፤ እሱ ውጭ ቀርቷል። ዛሬም ዘግቼበት ሄድኩ።"

ሊብሬ ዞሮ ፊተኛዋን ወንበር አየና ወረደ።

በማግስቱ በሩ ተከፈተ፤ አውቶቡሱ አልተነቃነቀም። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። ከዚያ በኋላ ሹፌሩ ሌላ ሰው ሆነ። እህቱ በየማታው ሱቁ በር ላይ ቆማ ትነግረዋለች፦ እህል እንደማይቀምስ፣ በፌርማታው ላይ ሰው እስኪያጉረመርም ድረስ በሩን ከፍቶ እንደሚቆም፣ አሁን ደግሞ ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ ግንቡ ስር እንደሚቆም፣ ያውም መኪናዎቹ ታጥፈው ከሚመጡበት መንገድ ላይ። ክልክል ለድርጅቱ አላመለከተበትም፤ ግን እስከ መቼ?

"እውነቴን ነው፣ አንድ ቀን እዚያው ነው የሚቀረው" አለችው እያለቀሰች። "ሆን ብሎ ነው የሚቆመው፣ ወንድም ጋሼ።"

ሊብሬ ያን ሌሊት አልተኛም። አፍሯል፤ ማፈሩንም ለራሱ አልሸሸገም። የሰው ይቅርታ ላይ ተቀምጬበት ሄድኩ አለ። ሲነጋ ያሰበው ሐሳብ የሚያስፈራ ነበር፣ ግን ሌላ አልመጣለትም። ሽማግሌው አይዞርም። ስፖኪዮው ታጥፏል። የሚጠብቀው ዝቅታውን ብቻ ነው። እንግዲያው ዝቅ የሚያደርግለት እግር ካገኘ መቼ ያውቃል? ለእህቱ ብቻ ነገራት።  ቁና ቁና ተንፍሳ ጫማህን ለስላሳ አድርግ አለችው።

አመሻሽ ላይ ካሜራውን ሱቁ ውስጥ ትቶ በሸራ ጫማ ሄደ። ግንቡ ስር ብርሃኑ አምሮ ነበር፤ ዛሬ ግን ማየት አልፈለገም። ነፋስ አልነበረም፣ ሆኖም ከጎኑ አንድ ሰው ቆሞ እንደሚጠብቅ ዓይነት ስሜት ይሰማው ነበር፤ ዞሮ ላለማየት አንገቱን ገተረ። አውቶቡሱ ሲመጣ ሹፌሩ እንዳያየው ከግንቡ ጥግ ተከልሎ ቆየ። ሹፌሩ በራሱ በኩል ባለው በር ሊወርድ መቀመጫውን ለቆ ነበር፤ ሊብሬ ቶሎ ብሎ ደረጃውን ረገጠ። አውቶቡሱ ዝቅ አለ። የሽማግሌው ጀርባ እዚያው ደርቆ ቀረ፣ ከዚያም ሳይዞር ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ተሳፋሪዎቹ ወደ መስኮት ዞሩ። እህቱ ትኬት አልቆረጠችለትም፤ እንደሌለ ሰው በላዩ አሻግራ አየች። ሊብሬ ፊተኛዋ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ያልተመቸው ወንበር አልነበረም።

ሹፌሩ በሩን ሳይዘጋ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ በቀጭን ድምፅ ተናገረ።

"ከስተሃል።"

ሊብሬ ለድርጅቱ ሠራተኛ መልስ አጥቶ አያውቅም ነበር። አሁን ግን ዝም እንዳይል ሽማግሌው እየጠበቀ ነው፤ እንዳይናገር ድምፁ የሌላ ሰው ነው። እንደ ምንም ብሎ ሊዋሽ ከንፈሩን ሲያላቅቅ አውቶቡሱ እንደገና ዝቅ አለ። ይሄኛው እንደ እሱ እርምጃ ቀላል አልነበረም። ባሌስትራው አቃሰተ፣ ወለሉ ወደ በሩ ዘነበለ፣ ሊብሬም ከነወንበሩ አብሮ ዘነበለ። ደረጃው ላይ ማንም የለም። እህቱ ዓይኗን ጨፍናለች። የሽማግሌው ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያልቅስ ይሳቅ ከኋላ አይለይም።

ሊብሬ ፈራ። ቢሆንም ብረቱን ጨብጦ ተነሳ። ወንበሯን በመዳፉ ጠረገለትና ወደ ኋላ ሄዶ ከቆሙት ሰዎች መሀል ቆመ። ሹፌሩም በሩን ዘግቶ ማርሽ አስገባ።