ከአሰብ የመጣው የዛጎል መስተዋት

ከደሴ የተነሣሁት ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። እናቴ የላከችኝ አይታት የማታውቃትን ምራቷን አይቼ እንድመጣ ነበር። ታላቅ ወንድሜ መኮንን አሰብ፣ አዲሱ የነዳጅ ማጣሪያ በቴክኒሻንነት ተቀጥሮ ሲሠራ ቆይቶ፣ ሽማግሌ ሳይላክ፣ እናታችን ሳትሰማ አገባ። ወሬው በሰው በሰው ደረሳት። እሷም፣ "ልጄን አስቸኩላው ነው! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ትበለኝ" ብላ ከምራቷ እጅ የመጣ ነገር ቤቷ እንደማይገባ ተናገረች። ስትሸኘኝ የሰጠችኝ በርበሬና ሽሮም ለልጇ ብቻ መሆኑን ደጋግማ ነገረችኝ።

"እሷን ደህና አድርገህ እያት። ያየኸውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ትነግረኛለህ" አለችኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ለክቶ መናገር ሥራዬ ነውና እሺ አልኩ።

ቁልቁለቱ

ከኮምቦልቻ ጋሽ ተካ የሚባሉ የካሚዮን ሾፌር ጋቢናቸው ውስጥ ቦታ ሰጡኝ። ቦሎቄ ጭነው ወደብ ማድረሳቸው ነበር። ባቲን እንዳለፍን ካፖርቴን አወለቅሁ፤ ሚሌ ስንደርስ ሹራቤን። እዚያ የፍየል ጥብስ በሎሚ በልተን ቀጠልን። ከሰርዶ ወዲያ መሬቱ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ዛፍ ብሎ ነገር የለም። ጋሽ ተካ፣ "ልብስ ሰፊ እዚህ አገር ምን ይሠራል? ሰዉ ሽርጥ ነው የሚያገለድም" እያሉ ሲቀልዱብኝ ቡሬን አለፍን። በመጨረሻ ባሕሩ ታየ። ጠፍጣፋ ነው፤ ከሩቅ ብዙም አልገረመኝም።

አሰብ

መኮንን ከስቷል፤ ጠቁሯልም። ሚስቱ ለተብርሃን ትባላለች። አባቷ ዒድ በምትባል የባሕር ዳር መንደር ትንሽ ሱቅ ስለነበራቸው ያደገችው እዚያ፣ በአፋሮች መካከል ነው። አጠር ያለች፣ ስትናገርም ስትራመድም የማትጣደፍ ሴት ናት። በምድጃ የተጠበሰ ዓሣ በትኩስ ቂጣ አቀረበችልኝ። እሾኹን ሳወጣ ጣቴን ወጋኝ።

ቤታቸው በዛጎል የተሞላ ነው። የጓዳው መጋረጃ በናይሎን ክር የተሰካካ ዛጎል ነው፤ ሰው ሲያልፍ ይንሿሿል። የመብራቱ ክዳንና የፎቶግራፉ ዙሪያም ዛጎል ነው። አሠራሩን ጠጋ ብዬ አየሁ። ዛጎሉን በየመጠኑ ሰፌድ ላይ ትለያለች። ከዚያ ጣውላው ላይ ጀሶ ትቀባና ሳይደርቅ አንድ በአንድ ትለጥፋለች። እንደ ስፌት ነው፤ መስመሩ ከተሳሳተ ታፈርሰዋለች።

ከቤቱ ጀርባ አሸዋው ላይ እንጨቶች ተተክለው አየሁና ምን እንደሆኑ ጠየቅኋት።

"የቀበርኳቸው ዛጎሎች ምልክት ናቸው። ውስጣቸው ያለው ነፍስ ነው፣ ሥጋ ነው። ጉንዳን በልቶ እስኪጨርሰው ይቆያሉ። የዒድ ሴቶች ናቸው ያስተማሩኝ።"

መኮንን ሥራ ላይ ሳለ የጋብቻውን ነገር አነሣሁባት። ከሥራዋ ቀና አለች።

"አባቴም ሽማግሌ ከደሴ ይመጣል ብለው ሲጠብቁ ነበር፤ እኔም ጠብቅ ብዬዋለሁ። 'እናቴን ኋላ አስረዳታለሁ' አለኝ። አሁን እኔ ቀማኛ ሆኜ ቀረሁ" አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

አዘንኩላት። ቢሆንም ማንኛዋም ምራት እንዲህ ማለቷ አይቀርምና አልፈረድኩም።

መስተዋቱ

ለተብርሃን ለእናቴ የምትልከው መስተዋት አልቆ ነበር። ዙሪያው በነጭና በሐምራዊ ዛጎል ተሠርቷል፤ ከላይ መሐሉ ላይ ብቻ ለአንድ ትልቅ ዛጎል ቦታ ቀርቷል። እሱ ገና አሸዋ ውስጥ ነው። የመሄጃዬ ቀን ደረሰ። መኮንን ጠዋት ባሕሩ ሸሽቶ ሳለ ወርዶ፣ ነብርማ የሚያብረቀርቅ ዛጎል ይዞ እየሮጠ መጣ።

"ይኸው! ይኼን እንለጥፍበት" አላት።

"በሕይወት አለ እኮ፣ መኮንን። የኔ እስኪደርስ ጠብቅ፤ በሌላ ሰው እንልከዋለን።"

"አፉን በጀሶ ከደፈንኩት ማን ያውቃል?"

እሷ ወደ ሰፌዷ ተመለሰች፤ እሱ ደፈነው። እኔም አልከለከልኩም። እኛ አገር ዛጎል የሚመጣው ደርቆ፣ በክር ተሰክቶ ነው፤ ከድንጋይ ለይተን አናየውም።

ሽታው

ስመለስም ከጋሽ ተካ ጋር ነበርኩ። መስተዋቱን በጋቢ ጠቅልዬ እግሬ ሥር፣ ሞተሩ በሚያግለው ቦታ አኖርኩት። ሰርዶ ሳንደርስ ጋሽ ተካ አፍንጫቸውን ያዙ።

"ወንድሜ፣ ከሥርህ የሞተ ነገር አለ?"

ጋቢውን ስገልጥ ሁለታችንም ወደ ውጭ ዘለልን። ጀሶው ተሰንጥቆ ቡናማ ውኃ ያንጠባጥባል። ጋሽ ተካ፣ "ጣለው!" አሉ። እኔም ልጥለው ቃጣሁ። ግን በዚህ ሽታ ምክንያት እናቴ ደጅ ካስቀረችው የምራቷ ነገር በዚያው ያበቃል። ባዶ እጄን ብገባም፣ "ምንም አልላከችም" ልትል ነው። በመጨረሻ ከጭነቱ ላይ አስሬ አመጣሁት።

ደሴ

እናቴ መስተዋቱን ግቢው መሐል አስቀምጣ፣ በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፍና ዞረችው።

"ይቺ ናት እንግዲህ ሙያዋ!"

ያየሁትን ነገርኳት፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ዙሪያው የለተብርሃን ሥራ መሆኑን፣ የሸተተው የመኮንን መሆኑን፣ እሱ ነፍስ ያለበትን ዛጎል በጀሶ መድፈኑንና የሷን ቃል ነገርኳት። ስጨርስ ጎንበስ ብላ በጣቷ የዙሪያውን ዛጎሎች ተራ በተራ ዳሰሰቻቸው። አንዱም አልተነቃነቀም።

"ጠብቅ አለችው?"

"አለችው።"

"በዛጎሉ?"

"በዛጎሉም በሽማግሌውም።"

እናቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። እኔ ከዚህ ጉዞ የተማርኩት የባሕር ነገር ሳይደርቅ እንደማይጫን ነው። እሷ ምን እንደተማረች አልነገረችኝም። ብቻ በቢላዋ የልጇን ዛጎል ፈንቅላ ጣለችው፤ መስተዋቱን በውኃና በሎሚ አጥባ ከነባዶ ቦታው ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።

ከዚያ እጇን እያደረቀች፣ "ሾፌርህ ወደ አሰብ ሲመለሱ ሦስት ሽማግሌ ይጭኑልኛል?" አለችኝ።