አባቴ የረሳው ወሰን

አባቴ አንኮበር አካባቢ የመሬት ወሰን የሚያውቅ ሰው ነበር። በዚያን ጊዜ የገበሬ ማሳ ካርታ አልነበረውም። ድንበር ተገፋብኝ ያለ ሰው ዳኛ ፊት ሲቆም አባቴ ይጠራል። የትኛው ድንጋይ በማን አያት እንደተተከለ፣ የትኛው ቦይ በየትኛው ክረምት እንደዞረ ይናገራል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል።

ከባሌ ተለያይቼ ወደ እሱ ቤት የተመለስኩት በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። እናቴ ሞታ ብቻውን ነበር። ዕድሜው ቢበዛ ስልሳ አምስት ቢሆን ነው። በሁለተኛው ዓመት የውሃ ጥም ያዘው፤ እንስራው ሳይመሽ ያልቃል። ሽንቱን የሸናበት ቦታ ጉንዳን ሲሰፍርበት አይቻለሁ፤ ምንም አልመሰለኝም። እየከሳ ሲሄድ ግን ደነገጥኩና ጠዋትና ማታ ማር በጥብጬ ብርዝ አጠጣው ጀመር። ደስ ብሎት ይጠጣል። እኔም አባቴን የጦርኩት እየመሰለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ መርሳት መጣ። የጀመረውን ወሬ መሃል ላይ ይተወዋል። ቅዳሜን እሑድ ነው ብሎ ለባብሶ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ሰዉም እኔም እርጅና ነው አልን።

በዚሁ መካከል ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ከባሏ ወንድም ጋር በገብስ ማሳ ተካሰሰች። ምስክሯ አባቴ ነበር፤ ባሏ በሕይወት ሳለ ለሁለቱ ወንድማማቾች ያካለላቸው እሱ ነውና። ዳኛውና ሽማግሌዎቹ ማሳው ላይ ተሰበሰቡ። አባቴን ክንዱን ይዤ ወሰድኩት። ማለ። ወሰኑን አሳይ ሲባል ጥቂት ተራመደና ቆመ፤ ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ ከሴትየዋ ማሳ መሃል ያለ አንድ ድንጋይ ላይ እጁን ጫነ።

“ይሄ ነው” አለ።

ሴትየዋ ቀስ ብላ “አባቴ፣ ደህና አድርገው ይዩት” አለችው። ደግሞ አየና ያንኑ ድንጋይ አሳየ። ዳኛው ለባሏ ወንድም ፈረደለት።

ወሰኑ ታች ያለው ቦይ መሆኑን እኔም አውቅ ነበር። አባቴን ሰው ፊት ማዋረድ ከበደኝና ዝም አልኩ።

በዚያው ሰሞን እግሩ ላይ የወጣው ቁስል አልድን ስላለ በበቅሎ ደብረ ብርሃን ወሰድኩት። የሐኪም ቤቱ ድሬሰር ሽንቱን ከሰማያዊ ውሃ ጋር ቀላቅሎ ሲያፈላው እንደ ሸክላ ቀላ። የስኳር በሽታ ነው አለኝ። ምን እንደሚበላና እንደሚጠጣ ጠየቀኝ። ብርዙን ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ስለ መርሳቱ ጠየቅሁት። ስኳር በደም ውስጥ በዝቶ ሲቆይ ቀጫጭኖቹን የደም ሥሮች እንደሚጎዳ፣ አንጎልንም እንደማይምር፣ በሽተኛው ሽማግሌ ሲሆን ግን ሰው ሁሉ እርጅና ነው ብሎ እንደሚያልፈው ነገረኝ።

“ስኳሩ ከወረደላቸው ጥቂቱ ሊመለስ ይችላል” አለኝ። “ሁሉም ግን አይመለስም።”

ኪኒን ሰጠን፤ ማርና ጠላ ከለከለ። በወሩ ጥሙ ቀነሰ፤ የጀመረውን ወሬ መጨረስ ጀመረ። እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ደጅ ፀሐይ እየሞቀ ሳለ፣ የዚያችን ሴት ወሰን የት ጋ እንዳሳየ ጠየቀኝ። መዋሸት አቃተኝና ነገርኩት።

“ቦዩ ነበር እኮ” አለ። ቆይቶም “አንቺ አብረሽኝ አልነበርሽም?”

“ነበርኩ።”

“ታዲያ?”



የዚያኑ ቀን ዱላውን ይዞ ዳኛው ዘንድ ሄደና ተሳስቻለሁ አለ። ዳኛው አክብሮ አስቀመጠው፤ ነገር ግን ትናንት ምሎ አንድ፣ ዛሬ ሌላ የሚል ሰው ቃል እንደማይቀበል ነገረው። ሲመለስ አብረን ወደ ሴትየዋ ቤት ወረድን። ቤቷን ዘግታ ለሚ ከተማ ልጇ ዘንድ ሄዳለች ተባልን። አባቴ የተዘጋው በር ፊት ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ከዚያ በኋላ ጥሙ ተመለሰ። ኪኒኑን እየሰጠሁት ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ኋላ ግን ከአፉ አውጥቶ አጎዛው ሥር ሲደብቀው አየሁት። ለመንኩት፤ ተቆጣሁት፤ “ተይኝ፣ ልርሳው” አለኝ እንጂ አልሰማኝም። ክረምቱ ሲገባ ማንነቴ ጠፋው። መስከረም ላይ ሞተ።

በዓመቱ ለሚ ሄጄ ሴትየዋን ደጇ ላይ አገኘኋት። የአባቴን ሕመምም፣ የእኔን ዝምታም ነገርኳት። ሰምታ ከጨረሰች በኋላ፣ አባቴ ሲሞት ብዙ ተሠቃይቶ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ለእሱ ነፍስ ይማር ብላ፣ እኔን ደጅ ትታ ገባችና በሩን ዘጋችው።