የጋሽ ሙለታ ቅኝት

ጌጃ ሰፈር ውስጥ ፒያኖ ያላቸው ጋሽ ሙለታ ብቻ ነበሩ። አንድ ሆቴል ያረጁ ዕቃዎቹን ሲሸጥ ገዝተው ጎረምሶች በጠባቡ መንገድ ተሸክመው ሲያስገቡላቸው የጎረቤት አጥር ተገንጥሏል።

ጃዝ የተማሩት ከሬዲዮ ነው። ማታ በየሆቴሉ እንግዳ የሚወደውን ይጫወታሉ፤ ቀን ቤታቸው ተቀምጠው የራሳቸውን ይፈልጋሉ። የሚፈልጉት አንቺሆዬ የሚባለውን የአገር ቤት ቅኝት ነበር። "ይኼ ፒያኖ አማርኛ አይችልም" እያሉ ሲበሳጩ ከርመው፣ በመጨረሻ መፍቻ አንሥተው ጥቂት ክሮችን ከተለመደው ልክ ዝቅ አደረጓቸው። ዛሬ በከተማው ጃዝ ከሚጫወቱ ወጣቶች ብዙዎቹ የእሳቸውን አካሄድ ይከተላሉ፤ ከማን እንደወረሱት ግን ሁሉም አያውቁም።

ፀሐይቱ ታውቃለች። በዚያው ፒያኖ ላይ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ትልቁን ዜማቸውን "ስጨርሰው እቀዳዋለሁ" እንዳሉ ሳይቀዱት ዐረፉ። አሁን ቤቱ ሊፈርስ፣ ፒያኖውም ሰኞ ከሰፈሩ ሊወጣ ነው። ስለዚህ ከአርባው በኋላ መቅጃ ይዛ መጣች። በራሳቸው ፒያኖ፣ በራሳቸው ቅኝት ካልቀዳችው ሌላ የትም አይገኝም።

ከፒያኖው ላይ የሐዘኑን ጥቁር ጨርቅ ገልጣ መጫወት ስትጀምር እጇ ቆመ።

"ማን ነካው?"

"አስቃኘሁት እንጂ!" አለ ልጃቸው ፊራኦል። "ጎበዝ ባለሙያ ነው ያመጣሁት። ለአባዬ ክብር ብዬ፤ ከነብልሽቱ ሰው እጅ እንዳይገባ።"

እናቱ ወይዘሮ ዲንቄ ራሳቸውን ያዙ። "ወይኔ ልጄን! አባትህ እኮ እሱን ለማበላሸት ነው ዕድሜውን የፈጀው!"

የፊራኦል ፊት አመድ መሰለ።

ፀሐይቱ የጋሽ ሙለታን መፍቻ ፈልጋ አገኘች። የትኞቹን ክሮች ማላላት እንዳለባት ታውቃለች፤ ምን ያህል የሚለውን ግን የሚያውቀው የእሳቸው ጆሮ ነበር። የእሷ ጆሮ ከሌሎች ፒያኖዎች ጋር ብዙ ስለከረመ አላመነችውም። አላላች፤ መታች፤ ደግማ አላላች።

"አለፈ! አለፈ!" የሚል ድምፅ ከጭቃው ግድግዳ ማዶ መጣ። ባለሱቋ መሪማ ናት።

"ምኑ ነው ያለፈው፣ እትዬ መሪማ?"

"በጣም ወረደ! ትንሽ መልሺው። ጋሽ ሙለታ እንዲህ አያስለቅሱትም ነበር።"

ቀስ ብላ መለሰችው።

"አሁን ደግሞ ወጣ" አለ ልብስ ሰፊው ዓብዱልሰላም፣ ሥራውን ትቶ ደጃፉ ላይ ቆሞ።

"ዝም በል አንተ፣ በስፌት መኪናህ ጩኸት ምን ሰምተህ!"

"መኪናዬንስ ስንት ዘመን በእሳቸው ዜማ ስረግጣት አልኖርኩም?"

እነሱ ሲከራከሩ እሷ ስታላላና ስታጠብቅ ቆየች። ድንገት ሁለቱም ዝም አሉ። ፀሐይቱ መፍቻውን ከዚያ ክር ላይ አንሥታ ወደሚቀጥለው አለፈች። ፊራኦል በሩ ላይ ቆሞ "ይኼኛውስ?" እያለ ጎረቤቶቹን ይጠይቅ ጀመር። ሌሎችም መጡ። አንዳቸውም ፒያኖ ነክተው አያውቁም፤ ሁሉም ግን ልኩን ያውቁታል።

የመጨረሻው ክር ላይ ሰፈሩ ጸጥ ሲል መቅጃውን ከፈተችና ተጫወተች። ቅጂው መሐል ላይ የመሪማ ድምፅ ገብቷል፤ "እሰይ፣ ጋሽ ሙለታ መጡልን!" ትላለች። በኋላ ቀረጻውን ያስተካከለው ባለሙያ ድምፅዋን ቆርጦ ሊያወጣው ቢል ፀሐይቱ እሺ አላለችም።