ቆሜ የተማርኩት መንፈቀ ዓመት

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቴን የት እንደተማርኩ ሲጠይቁኝ «ሃንጋሪ» ብዬ ልገላገል እሞክራለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ግማሹን የተማርኩት ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ፣ እቤታችን ሳሎን ውስጥ ቆሜ ነው።

ቪዛዬ ስለዘገየ የመጀመሪያውን መንፈቅ ከቤት ሆኜ በኢንተርኔት እንድከታተል ተፈቀደልኝ። ካላለፍኩ የነጻ ትምህርት ዕድሉ ይቀርብኛል። በመጀመሪያው ቀን ስልኬን በርጩማ ላይ አቁሜ ፍራሽ ላይ ተደላደልኩ። አባቴ ገቡ። መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ሐይቁ ዳር ባለ ደብር ዜማ ሲያስተምሩ ኖረዋል። የአስተማሪዬን ፊት ከጉልበቴ በታች ሲያዩ ክው አሉ።

«መምህርሽን ዝቅ አርገሽ፣ አንቺ ተንፈላሰሽ?»

መጽሐፍ የሚያነቡበትን አትሮንስ አምጥተው ስልኩን ከፍ አድርገው አስቀመጡበት፤ እኔንም ነጠላ አልብሰው ፊቱ አቆሙኝ። መንፈቁን ሙሉ እንደቆምኩ ከረምኩ። አስተማሪዬ ለምን እንደማልቀመጥ ስትጠይቀኝ ወገቤን ያመኛል አልኳት፤ እውነቱን መናገር አሳፍሮኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያጠናሁትን ጮክ ብዬ በቃሌ እንድልላቸው ያዝዙኛል። እንግሊዝኛ አንድም ቃል አያውቁም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው በመቋሚያቸው ወለሉን መታ መታ እያደረጉ ያዳምጣሉ። ወንድሞቼን ሁሉ አስተምረዋል፤ እኔ፣ ብቸኛዋ ሴት ልጅ፣ ተማሪያቸው የሆንኩት ያኔ ብቻ ነው። እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር! እሳቸው ግን የመሄዴን ነገር አልወደዱትም፤ ወሬው ሲነሳ ተነስተው ይወጣሉ።

የቃል ፈተናው ዕለት የሰፈራችን ኔትወርክ ጥፍት አለ። አትሮንሱን ባጃጅ ላይ ጭነን፣ ድልድዩን ተሻግረን ሐይቁ ዳር ወረድን። ደንገሉ አጠገብ አንድ ዋርካ ሥር ቆምኩ፤ አባቴ ከኋላዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች አንበለበልኳቸው። ሦስተኛው ላይ፣ ስለ ሴል እየተናገርኩ ሳለ፣ አፌ ተሳሰረ።

«ሚቶኮንድሪያ» አሉ አባቴ ከኋላዬ፣ በዜማ። ከዚያም የቀረውን ዓረፍተ ነገር እስከ ነጥቡ አወረዱት። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ሲያዳምጡ ትርጉሙን ሳያውቁት ከእኔ በላይ ይዘውታል።

በዜማ ቤት ቃል ለጠፋበት ቀጣዩን ማቀበል ወግ ነው፤ ዝም ብሎ ማየት ነው ነውሩ። በዩኒቨርሲቲ ግን ማጭበርበር ይባላል።

«ማን አለ እዚያ?» አለች አስተማሪዬ።

«ማንም» ልል ነበር። ዘወር ስል የአባቴ ፊት በርቷል፤ ያተረፉኝ መስሏቸዋል። «አባቴ ናቸው» አልኩ። አትሮንሱን፣ መቆሜን፣ የወገቤን ውሸት ሳይቀር ዘረገፍኩት። ፈተናው ተሰርዞ በሳምንቱ ብቻዬን እንድደግም ተወሰነ። ምን እንደተፈጠረ ሳስረዳቸው አባቴ ጥምጥማቸውን ነካ ነካ አደረጉ። በድጋሚው ቀን በጠዋት፣ ዘመድ ልጠይቅ ብለው ጢስ ዓባይ ሄዱ። እኔም አለፍኩ።

ሁለተኛውን መንፈቅ ሃንጋሪ፣ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ ተማርኩ። ወንበሩ ምቹ ነበር፤ ያጠናሁትን ቁጭ ብሎ የሚሰማኝ ሰው ግን አልነበረም። አባቴ ስልክ አይወዱም። እናቴ ጆሯቸው ላይ ስትደቅንባቸው «በርቺ» ይሉና ይመልሱላታል።

ክረምት ላይ ስመለስ ሐይቁ ዳር አብረን እየሄድን፣ ሲከነክነኝ የከረመውን ጠየቅኳቸው።

«አባየ፣ እንድሄድ አይፈልጉም ነበር። ያን ቀን ዝም ቢሉ እኮ እቀርልዎ ነበር። ለምን አቀበሉኝ?»

ጥቂት ተራምደው ቆሙ።

«ብትሰናከይ ዝም እላለሁ ብየ ነበር ድንጋዩ ላይ የተቀመጥሁ» አሉ። «ቃሉ ጠፍቶሽ ስትቆሚ ሳይሽ ግን አንጀቴ አልችል አለ።»