ነብሩ የማን ነው

አባቴ ሊሞት አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ከአልጋው ራስጌ የተሰቀለውን የነብር ቆዳ አውርድ አለኝ። እኔ በተወለድኩበት ዓመት በየጁቤ በኩል ዓባይ በረሃ ወርዶ የገደለው ነብር ቆዳ ነው። አባቴ ቢቸና ውስጥ በሠርግም በለቅሶም ከፊት የሚቀመጠው በሱ የተነሳ ነበር፤ እኔም የነብር ገዳይ ልጅ እየተባልኩ ደረቴን ነፍቼ ነው ያደግሁት።

«ሞጣ ውሰድና ለባልንጀራዬ ስጠው። መጀመሪያ ደም ያፈሰሰው እሱ ነው» አለኝ።

ነገሩ ዞረብኝ። በአዳኞች ሕግ አውሬው የሚቆጠረው ቀድሞ ላቆሰለው ነው፤ ሌላው ቢጨርሰውም ገዳይ አይባልም። ይህን ያስተማረኝ ራሱ አባቴ ነው። ታዲያ አርባ ዓመት ሙሉ ሲፎክር የኖረው ምን ብሎ ነው? ልጠይቀው ስል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ተናደድኩበት፤ በታመመ ሰው መናደዴ ደግሞ አሳፈረኝ።

ቆዳውን በማዳበሪያ ከረጢት ከትቼ በሚኒባስ ሞጣ ሄድኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ምን እንደያዝኩ ብትጠይቀኝ የበግ ቆዳ ነው አልኳት። ከነብር ወደ በግ ለመውረድ አንድ ቀን በቃኝ።

የአባቴ ባልንጀራ፣ ሽማግሌው፣ ከረጢቱን ከፍተው አዩና መልሰው አሰሩት።

«አልቀበልም። ቀድሜ ያቆሰልኩት እውነትም እኔ ነኝ። ግን በዚያ ሳምንት አንተ ተወልደህ ነበር። እኔ ልጅ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም። ስሙን ለማን ላወርሰው? ያንተ ይሁን ብዬ ለአባትህ ተውኩለት።»

«እሱ እኮ ይመለስ ብሏል።»

«እምቢ አለ በለው።»

ስመለስ አባቴ በደከመ ድምፅ «ተቀበለ?» አለኝ። «ተቀብለዋል» አልኩት። ለምን እንደዋሸሁ እንጃ። እፎይ ብሎ ተኛ፤ በሦስተኛው ቀን አረፈ። ከረጢቱ እኔ አልጋ ሥር ነበር።

በቀብሩ ቀን ሽማግሌው ከሞጣ መጡ። ለቀስተኛው መሀል ገብተው «የነብር ገዳይ ወንድሜ!» እያሉ ፎከሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ቆዳው የታል? ሣጥኑ ላይ አልብስለት እንጂ!»

ሰዉ ሁሉ አየኝ። ሣጥኑ ላይ ባደርገው ኑዛዜውን ማፍረስ ነው፤ ብተወው በሰው ፊት ስሙን መግፈፍ። ቤት ገብቼ ከረጢቱን ይዤ ስወጣም የማደርገውን አላውቅም ነበር። ሣጥኑን አየሁ፣ ሽማግሌውን አየሁ። ቆዳውን አወጣሁና እሳቸው ትከሻ ላይ ደረብኩት።

ለቀስተኛው ለአባቴ ክብር መሰለውና ለቅሶው ደመቀ። ሽማግሌው ግን ፉከራቸውን አቁመው የቆዳውን ጫፍ በሁለት እጃቸው ያዙ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ይህን ሁሉ ዓመት እንዲህ ሲከብደው ኖሯል?»