ሁለቴ አንድ ዓይነት

ልጄ ሂሊያርድ ከተማ ውስጥ ቫዮሊን ስትማር እኔ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ እጠብቃት ነበር። አንድ ጥር ላይ ብርዱ ሲብስብኝ ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አላስወጣኝም። አስተማሪዋ ወላጆቻቸው ከስኮትላንድ የመጡ አሮጊት ናቸው። እትዬ እላቸዋለሁ፤ ትርጉሙን ከነገርኳቸው ወዲያ በሌላ ስጠራቸው ይቆጣሉ።

የሚያስተምሯት የስኮትላንድ ዜማ ለጆሮዬ ባዕድ አልሆነም። ብዙው እንደኛው በአምስት ድምፅ የሚዞር ነው። ግሮቭ ሲቲ፣ በምሠራበት የዕቃ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት እየነዳሁ ሳፏጨው እውል ጀመር። ቀስ በቀስም የማንም ያልሆነ፣ የራሴን ማፏጨት ጀመርኩ። እትዬ ሰሙኝና አሠራሩን አስተማሩኝ፦ የመጀመሪያው ክፍል ሁለቴ ይዜማል፤ ቀጣዩ ከፍ ይልና እሱም ሁለቴ ይዜማል፤ መጨረሻው ወደ መነሻው ይመለሳል። ለሚወዱት ሰው ዜማ ሠርቶ መስጠት የወላጆቻቸው አገር የቆየ ልማድ መሆኑንም ነገሩኝ።

ልጄ በነሐሴ ለትምህርት ወደ ሌላ ስቴት ልትሄድ ነበር። በአማርኛ አወራታለሁ፣ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ ግማሽ ግማሹን እየጣልን አሥራ ስምንት ዓመት ኖርን። ከእኔ ምንም ሳትይዝ እንዳትሄድ ፈራሁና ዜማ ሠርቼ ልሰጣት ወሰንኩ።

ኖታ መጻፍ ስለማልችል እኔ ሳፏጭ እሷ ትጽፍ ጀመር።

«ኖ፣ አባዬ! ዩ ቼንጅድ ኢት!»

«አሳመርኩት እንጂ!»

እርሳሷን ወረወረች። እኔም ግትር ነኝ፤ አንድን ነገር ሳይቀይሩ መድገም ያደረ ወጥ ማቅረብ ይመስለኛል። ተኮራረፍን። በግማሽ የቀረው ወረቀት ፍሪጁ ላይ ተለጥፎ ሁለት ሳምንት አለፈው።

እትዬ ፊት ስንካሰስ ሳቁብን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ዜማ የሚረጋው አንተ በሌለህበት ሌላ ሰው እንዲጫወተው ነው» አሉኝ።

ከማግስቱ ጀምሮ በምሳ ሰዓት የሥራ ቦታዬ ፓርኪንግ ላይ የመኪናዬን መስኮት ዘግቼ እያፏጨሁ ስልኬ ላይ እቀዳ ነበር። ሳላሳምር ማለፍ እንዲህ ይከብዳል ብዬ አላውቅም። በስምንተኛው ቀን ሁለቴ አንድ ዓይነት ሆነ። ልጄ አንድ ምሽት ቁጭ ብላ ቅጂውን እየሰማች ጽፋ ጨረሰችው፤ ወረቀቱንም አጥፋ የቫዮሊኗ ሳጥን ውስጥ ከተተችው።

በነሐሴ ዶርሟ አድርሻት ስመለስ ማፏጨት አቃተኝ።

በሳምንቱ እሁድ በቪዲዮ ደወለች። ስልኩን መጽሐፍ ላይ አስደግፋ ቫዮሊኗን አነሳች። የመጀመሪያውን ክፍል ሁለቴ፣ ልክ እንደሰጠኋት ተጫወተችው። ሁለተኛው ከፍ አለ። ሲደገም ግን መጨረሻው አካባቢ ጥቂት ቆየችና እኔ ያላስገባሁትን ድምፅ አስገብታ ወደ መነሻው መለሰችው።

«ቼንጅ አደረግሽው» አልኳት።

«አሳመርኩት እንጂ!» አለችኝ፣ በአማርኛ።