ያዋስኩት ፈቃድ

ይሉኝታ የሚባለውን ነገር እንደ እኔ የሚጠላ ሰው ያለ አይመስለኝም። የሚስቴ ወንድም ዲላ ውስጥ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ ነበረው። አንድ ቀን ቤቴ መጥቶ የሥራ ተቋራጭነት ፈቃዴን እንዳውሰው ጠየቀኝ። ከዲላ ከፍ ብላ ባለችው ቡሌ አንዲት ትንሽ ቤት የመሥራት ዕድል አግኝቷል፤ ግንበኞችም አሉት፤ የጎደለው ወረቀት ብቻ ነው። "ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ነው፤ ወዴት ልሂድ? አንተ መድከም የለብህም፣ ወኪልህ ነኝ እላለሁ" አለ። ሚስቴ በሩ ላይ ቆማ ዓይን ዓይኔን ታያለች። እምቢ ማለት አቃተኝ። ዋናውን ፈቃድ ከነማኅተሙ ሰጠሁት። ቤቱን የሚያሠራው ማን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁም።

ቤቱን የሚያሠሩት፣ ልጅ ሳለሁ ሒሳብ ያስተማሩኝ መምህር ነበሩ። መልሱ ልክ ቢሆንም አሠራሩን ካላዩ ዜሮ የሚሰጡ ሰው ናቸው። በኋላ እንደሰማሁት ፈቃዱን ይዘው፣ በዚያ በተቦረቦረ መንገድ እየተንገጫገጩ ዲላ ድረስ ወርደዋል። ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ገብተው ወረቀቱ እውነተኛ መሆኑን አስመርምረዋል። የታደሰ ነው፤ ደረጃው ትክክል ነው፤ ፎቶው የእኔ ነው። ሰው ከዚህ በላይ እንዴት ይጠንቀቅ?

ቤቱ የተሠራው ተዳፋት ላይ ነው። ከጓሮ በኩል አፈሩን ደግፎ የሚይዝ ግንብ አቁመዋል፤ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ግን አልተዉለትም። እኔ አንዲት ቀን ብቻ እግሬ ቢረግጥ ወዲያው አይቼ አስፈርሰው ነበር። ከዲላ ቡሌ ሩቅ አገር አይደለም። አልሄድኩም።

ዝናቡ ሳምንት ሙሉ ሲወርድ ሰንብቶ አንድ ጠዋት ግንቡ ተንዶ ወደቀ። መምህሬ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነበር። ባለቤታቸው ጓሮ ተቀምጠው እንሰት ይፍቁ ነበር። ጎረቤት ደርሶ ድንጋዩን ሲያነሳ ሕይወታቸው አልፏል።

ለቅሶ የሄድኩት ስድቡንም ዱላውንም ልቀበል ቆርጬ ነው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"አጣርቼ ነበር እኮ" አሉ። "ፎቶው ያንተ መሆኑን ቢሮ ሲያረጋግጡልኝ ደስ ብሎኝ፣ ቤታችንን የሚሠራው ተማሪዬ ነው አልኳት። ከዚያ ወዲያ ግንበኞቹን ምንም መጠየቅ ተውኩ።"

"ጋሼ፣ እኔ ሥራውን አላየሁትም። ፈቃዱን ለሰው ሰጥቼ ነው" አልኩ። ራሴን ጠላሁት።

"አሁንማ ነገሩኝ። እሷ ግን ይህን አታውቅም ነበር። ሥራ በዝቶበት ነው፣ ነገ ይመጣል እያልኩ አጽናናታለሁ። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ በየቀኑ ያንተን ምሳ ለይታ እያስቀመጠች ትጠብቅህ ነበር።" ቀና ብለው ፊቴን አዩት።

"ምነው ልጄ፣ አንድ ቀን እንኳ ብትመጣላት?"